እማዬ፣ ስልክ ላይ ያልነገርኩሽ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እህቴ ትናንት ግፊትሽ 160 በ90 ነው አለችኝ። መድኃኒቱን በየቀኑ ነው የምትውጪው ወይስ ራስሽን ሲያምሽ ብቻ? እውነቱን ንገሪኝ። ካለቀም አሁኑኑ በይኝ፣ የወር መጨረሻ አትጠብቂ። ይህንን ደብዳቤም እህቴ አጠገብሽ ቁጭ ብላ ታንብብልሽ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወለቀ። አንቺ በቪዲዮ ያስተማርሻትን አልረሳችም፣ ለቁራው ጣሪያ ላይ ካልወረወርኩ ብላ እሪ አለች። እዚህ ካልጋሪ ጣሪያው ሁሉ በረዶ ለብሷል። ወረወረችው፣ ሰመጠ። «አሁን ቁራው እንዴት ያገኘዋል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ለምን እንደዘጋሁ ልንገርሽ። እህቴ «ጓደኛው የበረዶ ናዳ ወርዶበት ለጥቂት ተረፈ» ብላሻለች። በስልክ ስትጠይቂኝ ወሬውን ወደ ልጆቹ ትምህርት አዞርኩት።

ስኖውሞቢሉን ፎቶ ላይ አይተሽዋል። ከፊት በሁለት ስኪ ይንሸራተታል፣ ከኋላ እንደ ታንክ ሰንሰለት ያለ ላስቲክ ይገፋዋል። «ምን ያደርግልሃል?» ትይኛለሽ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ነበርኩ፤ ጋራዥ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተን ሬቭልስቶክ የምትባል ከተማ አጠገብ ተራራ ላይ ይዘውኝ ሲወጡ ነው እዚህ አገር ሰው ያገኘሁት።

ናዳውን የሚቀሰቅሰው ጩኸቱ ነው ወይ ብለሽኝ ነበር። አይደለም፣ ክብደቱ ነው። አንቺ የደብረ ብርሃን ሰው ነሽ፣ አመዳይን ማንም አያስረዳሽም። ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ሌሊት ባቄላው ላይ ያድራል፣ ጠዋት እንደ ላባ ቆሞ ታዪዋለሽ። እዚህ ደግሞ በረዶው ላይ ያድራል። ከዚያ ሌላ በረዶ ይወርድበትና ይቀበራል። አይቀልጥም። ያን ሁሉ ተሸክሞ ሳምንታት ይቆያል። ከላይ ስታዪው ንጹሕ ነጭ ነው። ተዳፋቱ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከሆነና ከነነጂው ከ200 ኪሎ በላይ የሆነ ሞተር ከወጣበት፣ ከሥር ያለው አመዳይ ይሰበርና የላዩ በረዶ እንደ ሰሌዳ ተሰንጥቆ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ የሚቀሰቅሰው የሚወርድበት ሰውዬ ራሱ ነው፣ ወይም አብሮት ያለ ሰው።

አቫላንሽ ካናዳ የሚባል ድርጅት አለ፣ ቢሮው እዚያው ሬቭልስቶክ ነው። በበረዶው ወራት በየቀኑ ለናዳው አደጋ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ያወጣል። የዚያን ቀን 3 ነበር። 3 መሐል ስለሆነ ቀላል ይመስላል፣ ግን ሰው ናዳ የመቀስቀሱ ዕድል ሰፊ ነው ማለት ነው። እኛ ግን «5 አይደለም» ብለን ወጣን።

አንደኛው ልጅ ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ በረዶው ውስጥ ተቀረቀረበት። ሕጉ ግልጽ ነው። ተዳፋት ላይ አንድ ሰው ብቻ ይወጣል፣ ሌላው ናዳው ከማይደርስበት ቦታ ሆኖ ይጠብቃል፣ የተቀረቀረውን ልርዳ ብሎ ሁለተኛ ሞተር አይከተልም። ይህን የሁለት ቀን ኮርስ ወስጄ ተምሬዋለሁ። እጁን ሲያወዛውዝልኝ ግን ወጣሁ።

እማዬ፣ የተቀበረው ጓደኛዬ አይደለም። እኔ ነኝ።

ከላዬ በረዶው በመስመር ሲሰነጠቅ አየሁ። ከዚያ ጨለማ። በረዶው መውረዱን ሲያቆም እንደ ሲሚንቶ ይይዛል፣ ጣቴን እንኳ ማንቀሳቀስ አቃተኝ። ቢከን የሚባል ደረት ላይ የሚታሰር ትንሽ ሬዲዮ አለ፣ ያለሁበትን የነገራቸው እሱ ነው። በረጅም ዘንግ ወግተው አገኙኝ፣ በአካፋ ቆፍረው አወጡኝ። 8 ደቂቃ ፈጀ። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ከወጣ አብዛኛው ሰው ይተርፋል፣ ከዚያ በኋላ ዕድሉ ቶሎ ቶሎ ይቀንሳል። ሄሊኮፕተር እስኪመጣ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። አንድ የጎድን አጥንቴ ተሰንጥቆ ነበር፣ አሁን ደህና ነኝ። ማልቀሱን ተዪው፣ ደህና ነኝ።

የደበቅኩሽ ለግፊትሽ ብዬ ነው። ይህን ስጽፍ ግን እጄ ተሳሰረ። አባዬ ያረፈ ጊዜ አንቺም ለኔ ብለሽ ነው የደበቅሽኝ። አርባው እስኪወጣ። እሁድ እሁድ ስደውል «ተኝቷል» አልሽኝ። አምስት እሁድ። እኔም «በቃ አትቀስቅሱት» እያልኩ ዘጋሁ። ልጄ ሰው አገር ብቻውን መርዶ እንዳይሰማ ብለሽ መሆኑ ይገባኛል። ግን እናንተ አልቅሳችሁ ስትጨርሱ እኔ ገና ጀመርኩ፣ ያውም ብቻዬን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን አልተናገርኩሽም። አሁን ደግሞ ያንኑ ነገር እኔ መልሼ አደረግኩብሽ።

ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ሌላ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ናዳ የወረደ ጊዜ በስልክ እያለቀስሽ «ሊያወጡ የሄዱት አለቁ» አልሽኝ። እዚህም በፈረንጆቹ ዲሴምበር 28 ቀን 2008 ፈርኒ የምትባል ከተማ አጠገብ 11 ስኖውሞቢል ነጂዎች ወጡ። የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ሊያወጡ የደረሱት ላይ ሁለተኛው ወረደ። 8 ሞቱ፣ 3 ብቻ ተመለሱ። እኔን ሲቆፍሩ በነበሩት ልጆች ላይ ሌላ ቢወርድ ኖሮ? የአንደኛው ሚስት እኮ እርጉዝ ናት።

ተወው እንደምትይኝ አውቃለሁ። ዘንድሮ አልወጣም። ለከርሞ ግን አልምልልሽም። ምዬ ብሰብረው ሌላ የምደብቅሽ ነገር ይሆንብናል። ከወጣሁ ደረጃው 3 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ቀን ተዳፋት አልነካም፣ ይህን ለባለቤቴም ነግሬያታለሁ።

ለመድኃኒቱ ብር ነገ እልካለሁ። እሁድ እደውላለሁ፣ ስልኩን አንቺ ራስሽ አንሺው። «ተኝታለች» እንዳይሉኝ።

ልጅሽ