ለወይንሸት፣ ከሁለት ዓመት ተኩል ዝምታ በኋላ

አዲስ አበባ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ወይንሸት፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽስ፣ ትንሿ ማርያማዊትስ እንዴት ናቸው? እኔም ጌታሁንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። እንዳልደውልልሽ ድምፅሽን ስሰማ ማልቀሴ አይቀርም፤ ካለቀስኩ ደግሞ የልቤን ሳልነግርሽ ስልኩ ይዘጋል። ስለዚህ ወረቀት ይሻለኛል።

አስቀድሜ ይቅርታሽን ልለምን። ግንቦት 2015 ላይ ስትወልጂ «ሥራ አልለቀቀኝም» ብዬሽ ነበር። ውሸት ነው። የዓመት ፈቃድ ወስጄ፣ የሐዋሳ ትኬት ቆርጬ ነበር። በዋዜማው ማታ ለልጅሽ የገዛሁትን ነጭ ፎጣ አጣጥፌ ቦርሳ ውስጥ ከከተትኩ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና መነሣት አቃተኝ። አራስ ቤትሽ ገብቼ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ማለት፣ ገንፎሽን መብላት ሲገባኝ በቴሌብር ገንዘብ ላክሁልሽ። በኋላም ሦስት ጊዜ ስትደውዪ ስልኩ ሲጠራ እያየሁት ዝም አልኩ። ልጅሽን ታቅፌ ሳለሁ «አንቺስ መቼ ነው?» ብትዪኝ የምመልሰው አልነበረኝም። አንድ ጊዜ ዝም ካልኩ በኋላ ደግሞ ዝምታው ራሱ ሌላ ዕዳ ሆነብኝ። ፎጣው እስካሁን ሳጥኔ ውስጥ ነው።

ሠርጋችን ላይ ሽማግሌዎቹ «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው ሲመርቁን አጠገቤ ቆመሽ «አሜን» ያልሽው ትዝ ይልሻል? በዚህ ጥር አምስት ዓመት ይሞላናል። አማቴ በየበዓሉ «ዓይናችሁን በዓይናችሁ ያሳያችሁ» ይሉናል። ይህን ምርቃት እወደዋለሁ፤ ሲሉት ግን ጌታሁን አንገቱን ይደፋል፣ እኔም ድምፄ እስኪጠፋ ቀስ ብዬ «አሜን» እላለሁ። እሳቸው መፀነስ የተሳነኝ ስለሚመስላቸው ጠበል ሂጂ ይሉኛል። ያላወቁት ነገር ግራ ክንዴ ውስጥ፣ ከብብቴ ዝቅ ብሎ፣ የክብሪት እንጨት የምታክል የወሊድ መከላከያ መቀበሯን ነው። ጣቴን ሳሳርፍባት ከቆዳዬ ሥር ሸርተት ትላለች። እንቅልፍ እምቢ ያለኝ ሌሊት ሳላስበው እዳስሳታለሁ።

የመጀመሪያዋን ያስቀበርኩት ነሐሴ 2013 ነው፤ ለሦስት ዓመት ነበረች። ሰኔ 2016 ላይ ከጌታሁን ጋር ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝተን የልጅ ወጪ የምንለውን ሁሉ ጻፍንና «በቃ፣ ነሐሴ ላይ ትውጣ» ተባባልን። ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ጌታሁን ከሱቅ በተመለሰ ቁጥር የዱቄት ወተቱን ዋጋ ይሰርዝና በላዩ ይጽፋል፤ በሦስተኛው ወረቀቱ ተበሳ። ነሐሴ ላይ ጤና ጣቢያ ሄጄ አሮጌዋን አስወጥቼ በምትኳ አዲስ አስቀበርኩ። ሲስተሯ «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። «አዎን» አልኳት። ስመለስ ታክሲ ውስጥ በፋሻ የታሰረ ክንዴን ይዤ ማልቀሴን ለጌታሁን እንኳ አልነገርኩትም።

ከዚያ ወዲህ «ቤቱ ሲደርሰን» ማለት ለመድን። ጌታሁን በ2005ቱ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ላይ ነበረበት፤ ያኔ ገና ተማሪዎች ነበርን። አሥራ ሦስተኛ ዓመቱን እየቆጠበ ነው፤ ዕጣው አልወጣለትም። ልጃችንን እዚያ ዕጣ ላይ ሰቅለን መክረማችን አሁን ሳስበው ያመኛል።

ጌታሁንን ግን አትፍረጂበት። አባቱ የሚሠሩበት ፋብሪካ ሲዘጋ እሱ ስድስተኛ ክፍል ነበር፤ የሚለብሰው ዩኒፎርም አጥቶ ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀርቷል። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርተን ሳለን «ልጄ ‹አባዬ ግዛልኝ› ሲለኝ ‹የለኝም› ማለትን ነው የምፈራው» አለኝ። ከዚያ ምሽት በኋላ በፍርሃቱ አልተቆጣሁበትም።

ይልቅ ስቆጣ የኖርኩት «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» በሚለው አባባል ነው። በተለይ የራሳቸው ቤት ያላቸው ሰዎች ሲሉት። ዕድል የቤት ኪራይ ይከፍላል እንዴ? እል ነበር በልቤ።

ለመስቀል ደሴ ሄጄ ነበር። እናቴ ሰባት ወልዳ ስድስታችንን አሳድጋለች። ቡና እየቆላች ሳለ «ግን በምን አሳደግሽን?» ብዬ ጠየቅኳት። «በእግዚአብሔር ቸርነት» ትለኛለች ብዬ ነበር። ስም መቁጠር ጀመረች። አያቴ እኔን አዝላ ወፍጮ ቤት ትሄድ ነበር። የእትዬ ዘነበች ልጅ ታላቅ ወንድሜን ትጠብቅ ነበር። ጡቷ ሲደርቅ ጎረቤቷ ከልጇ ጋር አስተካክላ ታጠባልን ነበር። በአራስነቷ ልብስ ያጠበችው አለች፣ እንጀራ የጋገረችው አለች፣ አባታችን ደመወዝ ሲዘገይበት በዱቤ ጤፍ የሰጠው ባለሱቅ አለ። ቡናው እስኪያር ድረስ አሥራ አንድ ሰው ቆጠረች። ዕድል ሲሉ የኖሩት እነዚያን ሰዎች መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ፣ ወይንዬ። እኔና ጌታሁን ደግሞ ደብተራችን ላይ ስንደምርና ስንቀንስ የኖርነው እነዚያን አሥራ አንድ ሰዎች በሁለት ደመወዝ ለመግዛት ነበር።

በ2008 የተካሄደውን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በቅርቡ አንብቤ ነበር። ያኔ በአገር ደረጃ አንዲት ሴት በአማካይ 4.6 ልጅ ስትወልድ የአዲስ አበባዋ 1.8 ነበር። ለካስ የእኛ ብቻ ገመና አይደለም አልኩ። በየኮንዶሚኒየሙ ስንቱ በር ዘግቶ እንደ እኛ ደብተር ይዞ ይሆን?

ከደሴ እንደተመለስኩ ደብተሩን አዲስ ገጽ ላይ ጀመርነው። ሒሳቡን የሚያፈርሰው ዳይፐሩም ወተቱም እንዳልነበር ያየነው ያን ጊዜ ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትትሉም፣ ወሊዱም፣ ክትባቱም በነፃ ነው። ጡቴ ከበረከተ ስድስት ወር ሌላ ምግብ አያሻውም። አሥሬ ስንደምረው አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንቆማለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለእኔ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዜ ይሰጠኛል፤ ለጌታሁን ሦስት ቀን። ሦስት ቀን ብቻ! እሺ፣ በዘጠና አንደኛው ቀን ጠዋት ልጁን ማን ይይዘዋል? የሞግዚት ደመወዝ የእኔን ደመወዝ ሲሶ ይወስዳል። ያንንም እንክፈል፤ የምንኖረው ጀሞ ስቱዲዮ ቤት ነው፤ አልጋችንና ምድጃው መካከል ያለው አራት እርምጃ ነው። ሞግዚቷ የት ትተኛለች?

እናቴ «እኔ እመጣለሁ» ብላኛለች። «መሬት ላይ አንጥፌ እተኛለሁ» ብላኛለች። በሁለቱም ጉልበቷ ሕመም ምክንያት ከበርጩማ ስትነሣ እንኳ ግድግዳ የምትይዝ ሴት ናት። እሷን ሲሚንቶ ላይ አስተኝቼ ልጅ አላሳድግም።

ስለዚህ ቤት ለወጥን። ባለፈው ሳምንት ቦሌ አራብሳ ባለ ሁለት መኝታ ተከራየን። ሩቅ ስለሆነ ኪራዩ ከጀሞው የሚበልጠው በትንሽ ነው። እኔ ሥራዬ ሜክሲኮ ስለሆነ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሣት ሊኖርብኝ ነው፤ የአውቶቡሱ ሰልፍ ያስፈራኛል፣ አልደብቅሽም። ነገር ግን በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚያዝ ውላችንን ወረዳው ድረስ ሄደን አስመዘገብነው። እስካሁን በየስድስት ወሩ «ልጨምር ነው፣ ካልሆነ ልቀቁ» ስንባል ነው የኖርነው። ፊርማዬን አኑሬ ስወጣ በጣቴ ወሮቹን ቆጠርኩ። ቶሎ ብፀንስ፣ ዘጠኙን ወር ብቀንስ፣ ውሉ ሲያልቅ ልጃችን ዓመት አልፎት ቆሞ ይሄዳል። አንድ ልጅ እግሩን እስኪተክል ከቤቱ የሚያስወጣው ሰው የለም ማለት ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የቆጠብነው ከአምስት ወር ወጪ አያልፍም። ጌታሁን ዓመት እንቆይና ይጨምር ብሎኝ ነበር። እኔ 34 ዓመቴ ነው፤ ከ35 በኋላ የመፀነስ ዕድል እየቀነሰ እንደሚሄድ ሲስተሯ ነግራኛለች። ብሩን ለመጠበቅ ብዬ ዕድሜዬን ማውጣት አልፈልግም አልኩት። ሁለት ቀን ዝም ብሎ ከረመ። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ሲመለስ ሜትር ይዞ መጣና የትንሹን መኝታ ቤት ግድግዳ ለካ። «የእናትሽ አልጋ በዚህ በኩል ይገባል፤ የሕፃኑ ደግሞ መስኮቱ ብርድ ስለሚያስገባ ከዚያ ይራቅ» አለ። ሌላ ምንም አላለም።

የፊታችን ሐሙስ ጤና ጣቢያ ቀጠሮ አለኝ። ሲስተሯ ክንዴ ውስጥ ያለችውን እንድታወጣልኝ ነው። ከእናቴ ቀጥሎ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

ወይንዬ፣ ወልደሽ ያየሽ ነሽና እውነቱን ንገሪኝ። ወደ ሥራ የተመለስሽ ዕለት እንዴት ሆንሽ? ያለብሽውን ወተት የት አደረግሽው? ምን ገዝተሽ ሳትጠቀሚበት ቀረ? ደብተሩ ላይ የጻፍነውን ሁሉ አላምነውም፤ አንቺ የምትዪኝን ግን አምናለሁ። ከተቀየምሽኝም አስቀድመሽ ተቆጪኝና ከዚያ ንገሪኝ፤ ይገባኛል።

እግዚአብሔር ከፈቀደ ለጥምቀት ሐዋሳ እመጣለሁ። ነጩን ፎጣ ይዤላት እመጣለሁ፤ አሁን ስላደገች ገላዋን ባይሸፍንላትም ፀጉሯን ታደርቅበታለች። አንቺም ያጠሯትን ልብሶቿን ለሌላ ሰው ሰጥተሽ ካልጨረስሽ፣ እባክሽ አስቀምጪልኝ።

እህትሽ ሕይወት