ላሜራ ከመድረሱ በፊት ቫኪዩሙ ይለካ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በሰበታና ቡራዩ መንገድ ጥቁር ጭስ የሚተፋ አሮጌ የናፍጣ መኪና ጋራዥ ሲገባ፣ የጭስ መመለሻው ቫልቭ (ከፊሉን ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውና በቫኪዩም፣ ማለትም በአየር መሳብ፣ የሚከፈተው በር) ሳይፈተሽ በላሜራ መደፈኑ ያሳስበናል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እያለ የቫኪዩም ቱቦውን ከቫልቩ ነቅሎ ቫልቩን በእጅ ፓምፕ 400 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያ) ያህል መሳብ ይበቃል። ሞተሩ ከተንገዳገደ ቫልቩ ይከፈታል፤ ካልተለወጠ በጥላሸት ተጣብቋል፤ የጌጁ ቀስት ከወረደ ሜምብራኑ (ቫልቩን የሚጎትተው ስስ ሽፋን) ተቀዷል። የተሰነጠቀ የቫኪዩም ቱቦ ጥቁር ጭስ አያመጣም፣ ቫልቩ እንደተዘጋ እንዲቀር ነውና የሚያደርገው። ነገር ግን ከዚያው የሞተሩ ቫኪዩም ፓምፕ የሚሳበውን የፍሬን አጋዥ ያዳክማል፤ የሚያስፈራው ይህ ነው! የመኪናው መመሪያ ለዚህ ፓምፕ የሚሰጠው የቫኪዩም ቁጥር ደግሞ ለባሕር ወለል ነው፤ እዚህ 2300 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከ760 ወደ 575 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ስለሚወርድ፣ ጤነኛ ፓምፕም ከዚያ በላይ መሳብ አይችልምና 600 ሊያሳይ አይችልም። በዚህ ሰበብ ደህና ፓምፕ አይቀየር።