ከመስኮቱ አልነሣም

ጎንደር፣ ታኅሣሥ

ውድ እናቴ፣ እማዬ፦

እንደምን ከረምሽልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ሥራውን ተዪውና ደባርቅ ነይ፤ ዓይንሽ እስኪመለስ ሰው አይይሽ» ስትዪኝ መልስ አጣሁ። አንቺ እያለቀስሽ እኔ መናገር አልችልም። ስለዚህ ጻፍኩልሽ፤ የሚያነብልሽ ልጅ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

አልመጣም፣ እማዬ። ዓይኔ እስኪመለስ ከተደበቅሁ የምወጣበትን ቀን የሚቆርጥልኝ በሽታው ሊሆን ነው።

ደግሞ ይሄ የሰው ዓይን አይደለም፤ የአያቴን ዓይን ያጠፋውም አይደለም። አንገቴ ላይ ያለው የእንቅርት እጢ ከልክ በላይ ይሠራል፤ የገዛ አካሌ መከላከያም ተሳስቶ ከዓይኔ ጀርባ ያለውን ሥጋ ያጠቃዋል። እሱ ሲያብጥ ዓይኔን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ቆቡም ወደ ላይ ይሸሻል። እብጠቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ዓመት ቆይቶ ይረጋል ብለውኛል፤ ቆቡን ማስተካከል ካስፈለገም የሚሠራው ከረጋ በኋላ ነው። እስከዚያ ጠብታዬን አደርጋለሁ፣ ትራሴን ከፍ አድርጌ እተኛለሁ። የላክሽልኝን ጠበልም አላቋረጥኩም።

ከሕመሙ ይልቅ የከበደኝ የሰው ፊት ነበር። ገንዘብ ተቀባይ ነኝና ከፋዩ መጀመሪያ የሚያየው ዓይኔን ነው። ሽማግሌዎች ያፈጠጥኩባቸው መስሏቸው «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» ይሉኛል። አንዲት እናት ይጋባበታል ብላ ሕፃኗን ከፊቴ አዞረችው፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጥቁር መነጽር ባደርግ ባሰ፤ ብር የሚቆጥር ሰው ዓይኑን ሲሸፍን ማን ያምነዋል? አሁን መነጽሩ ለመንገድ ፀሐይና አቧራ ብቻ ነው።

መስኮቱ ላይ ግን ቀድሜ እናገራለሁ። «አባባ፣ ሕመም ገፍቶት ነው እንጂ አልተቆጣሁም፤ አይጋባምም» እላለሁ። አብዛኛው ሰው «ምሕረቱን ያውርድልሽ» ብሎ ብሩን ይዘረጋልኛል። አለቃዬ አዝኖልኝ መዝገብ ቤት ላዛውርሽ ብሎኝ ነበር፤ ማንም ወደማያየኝ ክፍል። እኔ የጠየቅኩት ግን የከሰዓት ፀሐይና ነፋስ ከሚገባበት መስኮት ወደ ጥላው እንዲያዛውረኝ ነው፤ አዛወረኝ። ቀና ስል አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይታየኛል። ዝቅ ብዬ ስቆጥር ግን ብሩ አንድ ነው፤ ሒሳቤም አልጎደለም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የአንቺ ዓይን ነው። ያንቺ ትራኮማ ነው። ቆብሽ ወደ ውስጥ ስለተቀለበሰ፣ በወረንጦ የምትነቅያቸው ሽፋሽፍት ብሌንሽን ይፍቁታል፤ ብትነቅያቸውም መልሰው በቅለው ይወጉሻል። በዘመቻ የሚታደለው ኪኒን የተቀለበሰ ቆብ አያቃናም። ቀዶ ሕክምናው ግን ያቃናዋል፤ ቆቡን ብቻ አደንዝዘው ይሠሩልሽና በዚያው ቀን ቤት ትገቢያለሽ። ብሌኑ ላይ የቀረውን ጠባሳ ግን አይመልሰውም፤ ለዚህ ነው የምቸኩለው።

ለጥምቀት መምጣትሽ አይቀርም። ቃና ዘገሊላ ሲያልፍ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሉ ዓይን ክፍል አብረን እንሄዳለን፤ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ሲመረምሩሽ በወረንጦ እንደምትነቅዪ እንዳትደብቂ፤ ተነቅሎ ካዩት ሕመሙ የቀለለ ይመስላቸዋል።

ጉልበትሽን እስማለሁ።

ልጅሽ