የእህቴ ልብ የተጎዳው ኢሚዩኒቲ አንሷት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ቅዳሜ የጤና ገጻችሁ ላይ በሽታ የመከላከል አቅምን ስለሚያሳድጉ ምግቦች አንድ ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ማር፣ ሎሚ፣ የተለመደው ነው። ከሥሩ ደግሞ ግማሽ ገጽ የያዘ የዱቄት ማስታወቂያ አለ። «ኢሚዩኒቲዎን በእጥፍ ይጨምሩ!» ይላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጽሑፉ የት አልቆ ማስታወቂያው የት እንደጀመረ ለመለየት ሁለቴ ማንበብ ነበረብኝ።

ታናሽ እህቴ አጠገቤ ቡና እያፈላች ነበር። ጮክ ብዬ ሳነብላት ሳቀች። «የእኔስ በእጥፍ ባይጨምር ይሻለኛል፣ ያለውም ልቤን በልቶታል» አለች። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚያች ሳቅ ምክንያት ነው።

እህቴ 11 ዓመቷ ላይ ጉሮሮዋን አመማት። ትኩሳት ነበራት፣ ምራቅ መዋጥ አቃታት፣ አንገቷ ሥር ደግሞ እንደ ሽምብራ የሚዳሰስ እብጠት ወጣ። እናታችን በጨው ውኃ አስጉመጠመጠቻት፣ ዳማከሴ ጨምቃ ሰጠቻት። በአራተኛው ቀን ተሻላት፣ ትምህርት ቤት ተመለሰች፣ ሁላችንም ረሳነው። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ጉልበቷ አበጠ። እሱ ሲተዋት ቁርጭምጭሚቷ፣ ከዚያ ክርኗ። ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ «ስትጫወት ወድቃ ይሆናል» ብሎ የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘን። ልቧን በደንብ ያዳመጠ ሐኪም እስክናገኝ ድረስ ከልቧ ቫልቮች፣ ማለትም ደም ወደኋላ እንዳይመለስ ከሚዘጉት በሮች፣ አንዱ ተጎድቶ ነበር። ሩማቲክ የልብ በሽታ ይሉታል። ያ የጉሮሮ ሕመም እንዳይመለስባት ይኸው ዛሬም በየ28 ቀኑ መርፌ ትወጋለች።

ይህ ከእናንተ ዝንጅብል ጋር ምን አገናኘው? የባዮሎጂ መምህር ስለሆንኩ ማብራራት ይቀናኛል፣ ትንሽ ታገሡኝ።

ዱቄቱን የሚሸጡት ሰዎች ኢሚዩኒቲን የሚያዩት እንደ ውኃ ሮቶ ነው። ጎደለ፣ ሙላው። መጽሐፍቱ ደግሞ «ሠራዊት» ይሉታል፣ እኔም ለዓመታት ክፍል ውስጥ እንደዚያ ነው ያስተማርኩት። አሁን አሁን ግን የግቢ ዘበኛ ነው የሚመስለኝ። የዘበኛ ከባዱ ሥራ መማታት አይደለም፣ ዱላማ ማንም ይይዛል። ከባዱ ሥራ የቤቱን ሰው ከሌባ መለየት ነው። በጨለማ። ሌባው የጌታውን ካፖርት ለብሶ ሲመጣ ጭምር።

ባለፈው ወር እንጨት ስፈልጥ የባሕር ዛፍ ስንጥር አውራ ጣቴ ውስጥ ገባ። ማታ ምንም አልመሰለኝም። ጠዋት ጣቴ ቀልቷል፣ ይሞቃል፣ ይጠዘጥዛል። ያንን ሁሉ ያደረገው ስንጥሩ ራሱ አይደለም፣ የራሴ ሰውነት ነው። እዚያ አካባቢ የነበሩ ሕዋሳት የድረሱልኝ ኬሚካል ረጩ፣ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ሰፉ፣ ግድግዳቸውን ላላ አደረጉና ፈሳሹም ነጭ የደም ሕዋሱም ወደ ቁስሉ ወጣ። መቅላቱም ማበጡም ይኸው ነው። ቀድመው የሚደርሱት ኒውትሮፊል የሚባሉት ናቸው። መቅኔያችን በቀን ወደ 100 ቢሊዮን ያህል ያመርታቸዋል፣ ዕድሜያቸው ግን አጭር ነው፣ ባክቴሪያ ውጠው እዚያው ይሞታሉ። በሦስተኛው ቀን ከጣቴ ያፈረጥኩት መግል አብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፣ ግን አይረሱትም።

የሚገርመው ነገሩ የተደረሰበትም በእሾህ ነው። በ1882 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሜችኒኮፍ የሚባል ሩሲያዊ ተመራማሪ ሲሲሊ ደሴት ላይ መሲና ከተማ ተቀምጦ፣ ቤተሰቡ ሰርከስ ሊያይ በወጣበት ሰዓት፣ ከግቢው የጽጌረዳ እሾህ ቀጥፎ ብርሃን የሚያሳልፍ የባሕር ኮከብ እጭ ውስጥ ሰካ። ጠዋት በማይክሮስኮፕ ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበውት አገኘ። በ1908 ኖቤል ተሸለመበት።

እንግዲህ ይሄ የመጀመሪያው ዙር ነው፣ ፈጣን ግን ጅምላ። እንግዳ የመሰለውን ሁሉ ይውጣል። ጥንቃቄ የሚጠይቀው ሥራ የሚሠራው ንፍፊት ውስጥ ነው። እግራችን ሲቆስል ብሽሽታችን ላይ የሚያብጠውን ነው የምላችሁ፣ እናቶቻችን በቅቤ የሚያሹትን። ቁስሉ ጋ የነበሩ አንዳንድ ሕዋሳት የወራሪውን ቁራጭ ይዘው ወደዚያ ይጓዛሉ። እዚያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቢ ሴልና ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ፣ እያንዳንዱ አንድ ዓይነት ቅርጽ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ እና ያመጡት ቁራጭ «የእኔ ነው» የሚለውን እስኪያገኝ ይዞራል። ሲገኝ ያ አንዱ ይራባል፣ በሺዎች ይሆናል። ንፍፊቱ የሚያብጠውም ለዚህ ነው። የሚመለከተው ቢ ሴል ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ወራሪው ላይ የሚጣበቅ ፕሮቲን፣ ማምረት ይጀምራል። ይህ ሁሉ ቀናት ይፈጃል፣ አዲስ ጠላት ከሆነ ሳምንትና ከዚያም በላይ። ጉንፋን «ቢታከሙት በሰባት ቀን፣ ባይታከሙት በሳምንት ይድናል» የሚባለው ቀልድ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ቲ ሴሎቹ ደግሞ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ይፈተናሉ። ከደረታችን አጥንት ጀርባ ታይመስ የምትባል ዕጢ አለች። እስከ 1961 ድረስ ለምን እንደምትጠቅም በውል የሚያውቅ አልነበረም። ፈተናው አንድ ነው፣ የራስህን አካል ሳትነካ የሌላውን መለየት ትችላለህ ወይ? የሚያልፉት ከመቶ ሁለትና ሦስት፣ ቢበዛ አምስት ናቸው። ሌሎቹ እዚያው ይሞታሉ። የእኛን የ12ኛ ክፍል ፈተና ያስታውሳል፣ በ2015 ዓ.ም. (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ከመቶ ሦስቱ ብቻ እንዳለፉ መቼም አልረሳችሁትም። አንድ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ታይመስን ማን ነው የሚያርማት?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገድሎታል።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ተደርጎም ስህተት ይፈጠራል። የእህቴን ጉሮሮ የያዘው ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ ላዩ ላይ ያለው ፕሮቲን ከልባችን ሕብረ ሕዋስ ጋር ይመሳሰላል። ካፖርት ያልኩት ይሄን ነው። ሰውነቷ ጉሮሮዋ ላይ ባክቴሪያውን አሸነፈው፣ በአራት ቀን ተሻላት ብያችኋለሁ። ያንን ለመምታት የተሠራው መሣሪያ ግን መገጣጠሚያዎቿንና የልቧን ቫልቭ «ይሄም እሱ ነው» ብሎ መታ። አልደከመም፣ አላነሰም። ተሳሳተ። መገጣጠሚያ ሲያብጥ ቆይቶ ይድናል፣ ቫልቭ ግን ጠባሳ ይይዛል። አስም፣ አለርጂ፣ አንደኛው ዓይነት ስኳር በሽታ፣ እነዚህም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ከዘበኛው ስህተት የሚመጡ ናቸው። ለነዚህ ሰዎች ነው እንግዲህ «በእጥፍ ይጨምሩ» የምትሏቸው?

ኢሚዩኒቲ ጨርሶ አይደክምም እያልኩ አይደለም። ይደክማል። የእኛ አገር ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ ሲዲፎር የሚለው ቃል እኮ የገበያ ቃል ሆኖ ነበር። ሲዲፎር ማለት ሌሎቹን የሚያስተባብሩት ቲ ሴሎች ናቸው፣ በጤነኛ ሰው በአንዲት ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ500 በላይ ይገኛሉ፣ ኤች አይ ቪ እነሱን እየገደለ ከ200 በታች ሲያወርዳቸው ሌላ ጊዜ የማይነካን በሽታ ሁሉ ይገባል። ያኔም «ፍቱን» የሚባል ነገር በየቦታው ይሸጥ ነበር። ሰው ከአልጋው የተነሳው ግን ከ2005 ጀምሮ በነጻ መሰጠት በጀመረው መድኃኒት ነው። የምግብ እጥረትም ያደክማል። ለዚህ ነው ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች በየስድስት ወሩ የቫይታሚን ኤ ጠብታ የሚሰጠው። የጎደለውን መሙላት አንድ ነገር ነው። ሆዱ ሞልቶ ለሚያድር ሰው ግን ከሞላው ላይ ዱቄት መጨመር ሌላ ነገር ነው፣ ኪስ ከማራገፍ ውጭ ፋይዳ የለውም።

ዝንጅብሉን አልተጣላሁትም። ጉንፋን ሲይዘኝ እኔም ሻይ ውስጥ እጨምራለሁ፣ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ደስም ይላል። ምግብ ነው በቃ።

ዘበኛውን በእውነት የሚያሠለጥን ነገር ከፈለጋችሁ ስሙን ራሱ ቋንቋችን ነግሮናል። አያቴ አንገቷ ላይ ክታብ ነበራት፣ በቆዳ የተሰፋ። ክንዷ ላይ ደግሞ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ። ክታብና ክትባት ከአንድ ሥር ናቸው፣ ከተበ፣ ማለትም ጻፈ። አባቶቻችን ዘመናዊው ክትባት ሳይመጣ ከፈንጣጣ ቁስል መግል ወስደው ጤነኛውን ሰው ክንዱን በጣ አድርገው ይከትቡ ነበር። አደገኛ ነበር፣ አንዳንዱን ይገድላል፣ ግን ሐሳቡ ገብቷቸዋል። ክትባት የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ የጠላትን መልክ ጽፎ ማስቀመጥ። የሚጻፈው ትዝታ ያዥ በሆኑ ቢና ቲ ሴሎች ላይ ነው፣ ከዓመታት በኋላ ያው ጠላት ሲመጣ ሳምንት አይጠብቁም። ፈንጣጣ እኛ አገር ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1976፣ ሶማሊያ ውስጥ በ1977 ነው፣ በ1980 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ይህን ያደረገ ዱቄት እስካሁን አልሰማሁም።

እዚህ ላይ ብዙ እናቶች የሚጠይቁኝን ጥያቄ ላንሳ። የኩፍኝ ክትባት ለምን እስከ ዘጠኝ ወር ይጠበቃል? ልጁ ሲወለድ የእናቱን ፀረ እንግዳ አካል በእትብት በኩል ተቀብሎ ስለሚመጣ ነው። ያ የተውሶ ጥበቃ ገና እያለ ክትባቱን ብትሰጡት ከእናቱ የመጣው ቀድሞ ያጠፋዋል፣ ልጁ ራሱ ሳይማር ይቀራል። ስለዚህ የተውሶው ሲመናመን በዘጠኝ ወር፣ ከዚያ በ15 ወር ይደገማል። እንገሩም፣ ማለትም በአንዳንድ ቦታ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ የሚደፋው የእናት ቢጫ ወተት፣ ይኼው የተውሶ ጥበቃ የታጨቀበት ነው። መድፋት ጉድ ነው።

ኩፍኝን ደግሞ እንደ ቀላል የልጅ በሽታ አትዩት። ቫይረሱ የሚገባው ትዝታ ያዥ ሕዋሳቱ ውስጥ ነው። በ2019 የታተመ ጥናት ኔዘርላንድስ ውስጥ ያልተከተቡ 77 ልጆችን ኩፍኝ ከመያዛቸው በፊትና በኋላ ደማቸውን አመሳከረ። ከነበራቸው የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነው ጠፍቶ ተገኘ። ዘበኛው የሚያውቃቸውን የሌቦች ፎቶ ኩፍኝ ቀዶበት ይሄዳል ማለት ነው። ልጁ ድኖ ከወጣ በኋላም ለሌሎች በሽታዎች እንደ አዲስ ይጋለጣል።

ወደ እናንተ ልመለስ። ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ ማስታወቂያውን ከጽሑፉ ለዩልን፣ «ማስታወቂያ» የሚል ቃል በደማቁ ጻፉበት፣ አራት ፊደልና አንድ ቀለም ነው... እሺ፣ ስድስት ፊደል ነው። ሁለተኛ፣ ያንን ግማሽ ገጽ አንድ ሳምንት ለጉሮሮ ስጡት። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይፈልግም፣ ይህንንም ጻፉ፣ ሰዉ አሞክሳሲሊን እየገዛ እንዳይቅም። ግን ከአምስት እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ሳል ሳይኖረው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከያዘው፣ የአንገቱ ንፍፊት ካበጠ፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ከታየ፣ ለሐኪም ይታይ። ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠው ልቡ ይተርፋል። ዘጠኝ ቀን። እኛ ሦስት ሳምንት ጠብቀን ጉልበት ስናሽ ነበር።

እህቴ ይህን አንብባ «የመርፌውን ነገር ጨምርበት» አለችኝ። መድኃኒቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው፣ ነጭ፣ ወፍራም፣ ወተት የመሰለ። በደንብ ካልተበጠበጠ መርፌው ውስጥ ይረጋል፣ ያኔ ነቅለው ደግመው ይወጓታል። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ዳሌዋ ታፈራርቃለች። በዚያን ቀን ታክሲ ውስጥ ስትቀመጥ አንድ ጎኗን አንስታ ነው። አንድ ጊዜ መድኃኒቱ ጠፍቶ ሁለት ቀን ሙሉ ፋርማሲ ለፋርማሲ ስንዞር አንዱ ባለሱቅ «እሱ የለም፣ ግን ኢሚዩኒቲ የሚጨምር አለኝ» ብሎ አንድ ቆርቆሮ አውጥቶ አሳያት። ዋጋው ከመርፌዋ ብዙ እጥፍ ነበር።

የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ማክሰኞ ነው። የጤና ገጻችሁን ይዛው ትሄዳለች፣ ቆሎ ጠቅልላበታለችና።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን