የባይፓሱ ቁልፍ ማን ዘንድ ይቀመጥ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ተቀጣጣይ ጋዝ ባለበት የሥራ ቦታ እሳት ሲነሳ ዘገባው አብዛኛውን ጊዜ «መንስኤው የኤሌክትሪክ ኮንታክት ነው» ተብሎ ይዘጋል። እኔ እንዲህ ባለ ቦታ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ኮንታክተር፣ ማለትም መብራት የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ፣ ሲከፈትና ሲዘጋ ብልጭ ማለቱ ተፈጥሮው ነው። መጠየቅ ያለበት ጋዙ እንዴት የኤሌክትሪክ ዕቃዎቹ ያሉበት ሣጥን፣ ፓኔሉ ውስጥ ገባ፣ ገብቶስ ሳለ መብራቱን ማን ለቀቀው የሚለው ነው።

ጋዝ ለመግባት ሰፊ ቀዳዳ አያስፈልገውም። ሲሠራ የሞቀ ፓኔል ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በኬብል መግቢያውና በበሩ ጎማ በኩል የውጩን ይስባል። ሚቴን ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደባለቅ ይቀጣጠላል፤ ሃይድሮጂን ደግሞ ከ4 እስከ 75 በመቶ።

መከላከያው ጋዝ ከሌለበት ቦታ የተሳበ ንጹሕ አየር ወይም ናይትሮጂን ወደ ፓኔሉ እየነፉ የውስጡን ግፊት ከውጩ ከፍ ማድረግ ነው። ኤንኤፍፒኤ 496 የተባለው የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደረጃ የሚጠይቀው ልዩነት ቢያንስ 25 ፓስካል ነው፤ በጣም ትንሽ ግፊት ነው። ግፊቱ ግን አዲስ ጋዝ እንዳይገባ ይከለክላል እንጂ ቀድሞ የገባውን አያስወጣም። ፐርጅ የምንለው፣ የገባውን ጋዝ በንጹሕ አየር ጠርጎ የማስወጣት ሥራ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ይኸው ደረጃ መብራት ከመለቀቁ በፊት የፓኔሉን ይዘት ቢያንስ 4 እጥፍ፣ ለሞተር ከሆነ 10 እጥፍ አየር እንዲያልፍ ያዛል። አይኢሲ 60079-2 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ ለፓኔል 5 እጥፍ ይላል። 500 ሊትር የሚይዝ ፓኔል በደቂቃ 100 ሊትር አየር ቢነፋበት፣ 5 እጥፉ እስኪያልፍ 25 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው።

ጭቅጭቁ የሚነሳው በእነዚህ ደቂቃዎች ነው። በሩ ለአንድ ፊውዝ ቅያሪ ቢከፈትም የፐርጁን ደቂቃ ቆጥሮ እስኪሞላ መብራቱን የሚይዘው ታይመር እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ምርት ቆሟል፤ የሺፍት ኃላፊው ከኋላዬ ቆሞ «ምን ትጠብቃለህ፣ ለቀቅ አድርገው እንጂ» ይለኛል። ጋዝ ለመግባት የተከፈተ በር ብቻ ይበቃዋል፤ የተከፈተው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም።

በሠራሁበት አንድ ቦታ ያየሁትን ልናገር። የኮምፕረሰር አየር ባከነ ተብሎ የፓኔሉ የአየር መውጫ በፕላስተር ተለጥፎ ነበር። የግፊት መለኪያውን ላየ ሰው ሁሉም ደህና ነው፤ እንዲያውም ከወትሮው ከፍ ብሎ ያሳያል። መውጫው ከተደፈነ የገባው አየር ወዴት ይሂድ? ነገር ግን ታይመሩ መቁጠር የሚጀምረው በመውጫው በኩል የሚያልፈውን አየር ለክቶ ነው። አየር አላለፈም፣ ስለዚህ አልቆጠረም፣ ስለዚህ መብራት አልለቀቀም። ሠራተኞቹ ፕላስተሩን በመንቀል ፈንታ የባይፓሱን፣ ማለትም ታይመሩን ዘልሎ መብራት የሚለቀውን ቁልፍ አዞሩት። እኔ ስደርስ ቁልፉ እዚያው ተሰክቶ አቧራ ለብሷል። መልሶ የነካው ሰው አልነበረም።

ባይፓስ የሚያስፈልግበት ጊዜ እንዳለ አልክድም፤ በሩ ተከፍቶ መብራት እያለ ብልሽት መፈለግ ግድ ሲሆን። ያ ግን አካባቢው በጋዝ መለኪያ ተፈትሾ ነፃ መሆኑ ከተረጋገጠና ፐርሚት፣ ማለትም የጽሑፍ የሥራ ፈቃድ፣ ከተፈረመ በኋላ ነው፤ መለኪያውም ሥራው እስኪያልቅ አይነሳም። ቁልፉ የምርት ችኮላ የሌለበት የደህንነት ክፍል ዘንድ ይቀመጥ፤ ከፐርሚቱ ጋር ወጥቶ ከፐርሚቱ ጋር ይመለስ።

በናይትሮጂን ለሚሠሩ ባልደረቦቼም አደራ አለኝ። ሽታም ቀለምም የለውም፤ ኦክስጅንን ተክቶ ያፍናል። በሩን እንደከፈታችሁ ጭንቅላታችሁን ወደ ውስጥ አታስገቡ፤ ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ኦክስጅኑን ለኩ።

ዘጋቢዎቻችሁ እንዲህ ያለ እሳት ሲገጥማቸው ሁለት ነገር እንዲጠይቁልን እለምናለሁ፦ ፓኔሉ መብራት ከመለቀቁ በፊት ሙሉ ፐርጅ ተደርጎ ነበር ወይ? የባይፓሱ ቁልፍስ በዚያ ሰዓት ማን እጅ ነበር?

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ