መኪናዬ ተጠርታ ነበር፣ እኔ ግን አልሰማሁም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከቅዳሜ ገበያ ጤፍ ጭኜ ስመለስ፣ ጠባብ ኮብልስቶን መንገድ ላይ መኪናዬን ላዞር መሪውን እስከ ጥግ ጠመዘዝኩት። ከእግሬ አካባቢ «ቋ» አለ። ከዚያ መሪው እጄ ላይ ቀለለኝ። እኔ አዞራለሁ፣ ጎማው አይዞርም። እየተንፏቀቀች ስለነበር የድንጋይ አጥር ነክታ ቆመች። ተመስገን፣ ማንም አልተጎዳም።

ግን እኮ ከሦስት ቀን በፊት በዚያችው መኪና እናቴን ይዤ ዛሪማ ለቅሶ ለመድረስ ሊማሊሞን ወርጃለሁ! ሊማሊሞን የወረደ ሰው የምለውን ያውቃል። አንዱን ጥምዝ ጨረስኩ ስትሉ ሌላው ይቀበላችኋል፣ ከጎን ደግሞ ገደል ነው። ያ «ቋ» እዚያ ቢሆን ኖሮስ? ከቅዳሜ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ጋራዥ ያለው ልጅ መሪውን ከታችኛው ክፍል ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ፈትቶ አወጣና በጨርቅ ወልውሎ አሳየኝ። «ይዩት እትዬ፣ ጥርሱ አልቋል።» በጣቴ ዳሰስኩት። መንከስ የነበረባቸው ጥርሶች ተበልተው ልሙጥ ሆነዋል። አርጅቶ ነው ብዬ ልተወው ነበር፤ የእህቴ ልጅ ግን የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ አይቶ በስልኩ የፋብሪካው ድረ ገጽ ላይ አስገባው። ለካ መኪናዬ ለዚሁ ዘንግ ከዓመታት በፊት «ትምጣ፣ በነፃ እንቀይርላት» ተብላ ተጠርታ ኖሯል። አልተቀየረላትም። የሸጠልኝ ሰውዬ ትንፍሽ አላለም፤ እሱም ሳያውቅ ቀርቶ ይሆናል።

የኔዋ የሌላ ፋብሪካ ናት እንጂ ቶዮታም በኅዳር 2005 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ 2.77 ሚሊዮን መኪኖችን ጠርቶ ነበር፣ ዋናው ምክንያትም የመሪ ዘንግ ነው። ኮሮላና ፕሪየስ ነበሩበት። ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚሆኑት ጃፓን ውስጥ የተሸጡ ናቸው። ፋብሪካው የተናገረውን ስሰማ ስለኛ ከተማ የሚያወራ ነው የመሰለኝ። የዘንጉ ብረት በቂ ጥንካሬ ስላልነበረው፣ መኪናው በዝግታ እየሄደ መሪው በኃይልና ደጋግሞ እስከ ጥግ ሲዞር ጥርሱ ሊበላ ይችላል። በዝግታ፣ በኃይል፣ እስከ ጥግ፣ ደጋግሞ። እስቲ ፒያሳ መኪና ያቆመ፣ አራዳ ከባጃጅ መሀል ለመውጣት የታገለ፣ ማራኪ ቅያስ ውስጥ ወደፊት ወደኋላ እያለ የዞረ ሰው ይፍረደኝ፤ የኛ አነዳድ ከዚህ በምን ይለያል?

ፋብሪካ ጥሪ ሲያወጣ ደብዳቤው የሚሄደው እዚያው አገር መዝገብ ላይ ላለው ባለቤት ነው። መኪናው ግን ተሸጦ፣ በዱባይ ዞሮ፣ የአንዳንዱ መሪ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ፣ ስንት እጅ አልፎ ጎንደር የገባ ነው። ደብዳቤው አይከተለውም። መሪያቸው የተዛወረ መኪኖች ነገርማ ለብቻው ያስፈራኛል፤ ዘንጉን ማን እንደበየደው እንኳ የሚያውቅ የለም።

በየዓመቱ ለቦሎ መኪናችንን እናስመረምራለን። ፍሬን ይታያል፣ መብራት ይታያል፣ የሻንሲ ቁጥሩም ይነበባል። ታዲያ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ከመገልበጥ አልፎ «ይህ መኪና ጥሪ አለበት ወይ?» ብሎ ማየት ምን ይከብዳል? የእህቴ ልጅ አቦል ሳይቀዳ ነው የጨረሰው። የሚመለከተው ክፍል ይህን የምርመራው አካል ያድርግልን። መኪና የሚሸጥም ሰው ከሊብሬው ጋር ውጤቱን ለገዢው ያሳይ።

እስከዚያው እናንተም ቁጥራችሁን እዩ። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩት ቁጥራቸው አጭር ስለሆነ፣ ሙሉ 17 ፊደልና ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ አይቀበላቸውም፤ የፋብሪካውን የጃፓን ገጽ ፈልጉ። መሪው ሲዞር የሚንቋቋ ከሆነ ወይም ልቅ ልቅ ካላችሁ ደግሞ ወደ ደባርቅ ከመውጣታችሁ በፊት ዘንጉን አስፈትሹ።

የኔዋ አዲስ ዘንግ ከአዲስ አበባ እስኪመጣላት ጋራዥ ቆማለች። እናንተ የምርመራ ኃላፊዎቹን ጠይቃችሁ መልሳቸውን ብታወጡልን ደስ ይለኛል። በስልክ ብሞክር የሚያናግረኝ አላገኘሁም።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር ማራኪ