የክበብ ሰዓታችን ይመለስልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ላለፉት 9 ዓመታት ደግሞ የቼዝ ክበብ ተጠሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ዘንድሮ የክበብ ክፍለ ጊዜያችን ከፕሮግራሙ ስለወጣ ነው። ረቡዕ የመጨረሻዋ 40 ደቂቃ የክበብ ነበረች። አሁን ማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጥባታል። ክበብ የፈለገ ተማሪ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ይቆይ ተብሏል።

የውሳኔው ምክንያት ይገባኛል። የልጆቹ ውጤት ወርዷል፣ ወላጆችም ተጨንቀዋል። እኔም የማርመው ወረቀት ላይ በየጊዜው አየዋለሁ። ግን ከትምህርት በኋላ መቆየት የሚችለው ማን ነው? ቤቱ ቅርብ የሆነ፣ ታናናሾቹን የመጠበቅ ኃላፊነት የሌለበት፣ ሲመሽ በምን እንደሚመለስ የማያስጨንቀው ልጅ ነው። ክበቤ ውስጥ 31 ተማሪዎች ነበሩ። አሁን የሚመጡት 8 ናቸው። የጠፉት ቼዝ ስለሰለቻቸው አይደለም። ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ «ቲቸር፣ ረቡዕ መቼ ነው የሚመለሰው?» ይሉኛል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም ስማቸውን ያላነሳው የልውውጥ ተማሪዎቻችንን ነው። ከሌላ አገር መጥተው፣ አስተናጋጅ ቤተሰብ ዘንድ እየኖሩ፣ አንድ የትምህርት ዓመት አብረውን የሚማሩት ልጆች ማለቴ ነው። አብዛኞቹ የልውውጥ ፕሮግራሞች ተማሪው መኪና እንዲነዳ አይፈቅዱም። ስለዚህ የልጁ መውጫና መግቢያ ሰዓት በአስተናጋጆቹ ፕሮግራም ላይ የተንጠለጠለ ነው። እንግዳ የሆነ ልጅ ደግሞ «ዛሬ አንድ ሰዓት ዘግይታችሁ ውሰዱኝ» ለማለት ይሳቀቃል። ዝም ብሎ ቤት ይገባል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የተቀበልነውን አንድ ልጅ አልረሳውም። በመጀመሪያው ቀን ሰልፍ ላይ አስተዋወቅነው፣ አጨበጨብንለት። ከዚያ በኋላ የራሱ ጉዳይ አደረግነው። እኔም ጭምር። በእረፍት ሰዓት ሁልጊዜ ከቤተ ሙከራው ፊት ለፊት ያለው ደረጃ ላይ ብቻውን ይቀመጥ ነበር። መጽሐፍ ይከፍታል፣ ግን ገጹን ሲገልጥ አላየሁም። አጋማሽ ፈተና እስኪደርስ ድረስ ማንም ክበብ ውስጥ እንዳላስገባው አላወቅኩም። አንድ ሰው መጠየቅ ነበረበት። በየቀኑ በፊቱ የማልፈው እኔ ነበርኩ።

በቀጣዩ ዓመት የመጣችውን ልጅ ግን በመጀመሪያው ረቡዕ ራሴ ይዣት ወደ ክበቡ ገባሁ። አፍ መፍቻዋ ጀርመንኛ ነው። የእኛን ቋንቋ ገና ትንተባተብበታለች፣ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም። አንዱ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ፊት አስቀመጥኳት። 64ቱ ካሬዎች የትም አገር 64 ናቸው፣ ፈረሱም የትም አገር በኤል ቅርጽ ነው የሚዘለው። በ20 ደቂቃ ውስጥ አሸነፈችው። ከዚያ በሰያፍ የሚሄደውን ጠጠር አንስታ ስሙን ጠየቀች። ልጆቹ «ቢሾፕ» አሏት። እሷ ደግሞ በእኛ ዘንድ «ሯጭ» ነው አለች። ክፍሉ ተንጫጫ! ሯጭ እንዴት ይሆናል? በሌላ ቋንቋስ ምን ይባላል ብለን ስንፈልግ፣ ለሩሲያውያን ዝሆን ነው፣ ለፈረንሳዮች ደግሞ የቤተ መንግሥት አጫዋች። ያን ቀን ደወሉ ተደውሎ እንኳ የወጣ ልጅ አልነበረም። ከዚያች ሳምንት ጀምሮ የእኛ ልጆችም «ሯጭ» ማለት ጀመሩ። እሷም በእረፍት ሰዓት ብቻዋን ሆና አላየኋትም። በየካቲት አካባቢ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ እጇን አወጣች።

ከልውውጥ ፕሮግራሞች አንዱ አንጋፋ የሆነው የኤኤፍኤስ አጀማመር ይህንኑ ያስታውሰኛል። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ቁስለኛ ሲያመላልሱ የነበሩ የአምቡላንስ በጎ ፈቃደኞች ናቸው ያቋቋሙት። እ.ኤ.አ. በ1947 ከ10 አገሮች የመጡ 52 ተማሪዎችን ተቀበሉ። ጦርነቱን በዓይናቸው ያዩት እነዚህ ሰዎች፣ ልጆች አብረው እንዲኖሩ ነበር የፈለጉት። ጎን ለጎን ተቀምጦ ደብተር መገልበጥ ብቻውን አብሮ መኖር አይሆንም።

አንድ ልማዳችንንም ልናገር። የልውውጥ ተማሪን በዓመት አንዴ የአገሩን ባንዲራ አስይዘን መድረክ ላይ እናቆማለን፣ ፎቶ እንነሳለን። ክፋት የለውም። ግን ልጁን እንግዳ አድርጎ ነው የሚያቆየው። ሥራ ስጡት። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ችግኝ የማጠጣት ተራ ያውጣለት። ድራማ ክበብ መብራት ያስይዘው፣ ለዚያ ብዙ ቋንቋ አያስፈልግም። የክርክር ክበብ ሰዓት ተቆጣጣሪ ያድርገው። ባይመጣ ሥራው የሚጎድል ልጅ «የት ሄደ?» ተብሎ ይፈለጋል።

ለትምህርት ቤታችን አስተዳደር በጽሑፍ ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው። ማጠናከሪያው ይቀጥል፣ ግን በሁለት ሳምንት አንዴ እንኳ ረቡዕን ለክበብ ይልቀቅ። በማጠናከሪያው ረቡዕ እኔ ራሴ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ፊዚክስ አስተምራለሁ። እስካሁን መልስ አላገኘሁም። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣችሁ ላይ ያወጣሁት፣ ተመሳሳይ ውሳኔ የተወሰነባቸው ሌሎች ተጠሪ መምህራን ምን እንዳደረጉ እንዲጽፉልኝ ነው። የክበብ ሰዓታቸውን ያስመለሱ ካሉ እንዴት እንደተሳካላቸው ማወቅ እፈልጋለሁ። በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ሁለት የልውውጥ ተማሪዎች ይመጡልናል፣ ከዚያ በፊት ባውቀው ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊዚክስ መምህርና የቼዝ ክበብ ተጠሪ